የጠዋት እጅ

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር የጀመርኩት ተናድጄ ነው። ንዴትን ሰው ላይ ከማራገፍ ወረቀት ላይ ማራገፍ ይሻላል ትላለች ልጄ፤ ደብተሩንም የገዛችልኝ እሷ ናት። እንግዲህ ይራገፍ።

ዛሬ ጠዋት ስፌት ቤቱን ስከፍት ማንም አልነበረም። ይህ አዲስ አይደለም፤ ሁልጊዜም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ። አዲሱ ነገር አንድ ሰዓት ሞልቶ የመቀሴን እጀታ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሦስቴ ስመታ መርፌ የሚያነሳ ሰው አለመኖሩ ነው። በእኛ ቤት የሥራ መጀመሪያው ይህ ነው። የድሮው ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ከዚህች ሴት መቀስ በፊት ማንም ሥራ እንዳይጀምር" ብሎ የደነገገው ሕግ ነው። በዚህ የተነሳ ከኋላዬ "ደወሏ" ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ዛሬ ደወሏ ለባዶ ወንበር ደወለች።

ነገሩ ሁሉ የልጅቷ ሥራ ነው። ልጅቷ የምላት የባለቤቱን ልጅ፣ የአሁኗን አለቃችንን ነው። እዚሁ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጠቀለለች ያደገች፣ አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ ናት። ቅዳሜ ዕለት ሰብስባን፣ "ከሰኞ ጀምሮ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት ራሳችሁ ምረጡ። ሥራው በጊዜው ይለቅ እንጂ በር ላይ ቆሜ ማንንም አልጠብቅም" አለች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እኔ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ፣ 5፣ በምሳ ሰዓት

የሁሉም ሰዓት ታወቀ። እኔ እንደ ወትሮዬ ከአንድ። ጋሽ ካውያ፣ ልብስ የሚተኩሰው እኩያዬ፣ ከሦስት! "የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ" አለኝ።

"አንተም ከወጣት እኩል?" አልኩት።

"ወጣት ሳለሁ አልተፈቀደልኝም። አሁን ተፈቅዷል፤ ወጣት ልሁን እንጂ።"

ስፌተኛዋ ባለ ማዳመጫ ደግሞ ከስድስት ሰዓት እስከ ማታ። ቀኑን ሙሉ ያንን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የምትሰፋዋን ማለቴ ነው። ከስድስት ሰዓት! እኔ በስድስት ሰዓት ግማሽ ጣቃ ጨርሻለሁ።

ሐሙስ፣ 7

የሰዓት ነገር ቤቴም ገብቷል። ልጄ ሳሎን ተቀምጣ በኮምፒውተር ትሠራለች፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ "ሥራ ላይ ነኝ፣ እማ" ትለኛለች። ሥራ ማለት ሰው ለብሶ፣ ከበር ወጥቶ፣ በሰዓቱ የሚደርስበት ነገር ነው ብዬ ነው ያሳደግኳት። የሰማችኝ አይመስለኝም።

ግን ጥሩ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ ትቆልፍልኛለች። እኔ ስለምቸኩል ነው። ዛሬ ሻይ ስታቀብለኝ፣ "እማ፣ ያቃጥላል እኮ! እንዴት ጨብጠሽ ያዝሽው?" አለች። የሠራ እጅ እንዲህ ነው፣ እሳት አይፈራም አልኳት።

ቅዳሜ፣ 9፣ ማታ

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፈው። ታድሶ የሚከፈተው ትልቁ የትያትር አዳራሽ የመድረኩን መጋረጃ ለእኛ ሰጠን። ደማቅ ቀይ ከፋይ ነው። ከፋይ እንደ ሌላ ጨርቅ አይደለም፤ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛና ያበራል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆምና ይጠቁራል። መጋረጃው ከብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ ስለሚሰፋ ሁሉም ቁራጭ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ከሩቅ ሌላ ቀለም መስሎ ይታያል።

ለዚህ ብለው ሌሎች ቆራጮች በጨርቁ ጀርባ ላይ በጠመኔ ቀስት ይሥላሉ፤ ላዩ በዚህ ነው ለማለት። እኔ ሥዬ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ሳሳርፍበት ጨርቁ ራሱ ይነግረኛል። የድሮው ባለቤት እንግዳ ሲመጣ ዓይኔን በመሐረብ አስሮ ያስፈትነኝ ነበር። አንድም ቀን አላሳፈርኩትም።

አለቃዬ ጣቃውን ስታስረክበኝ፣ "እትዬ፣ ይሄን ከእርስዎ ሌላ ለማንም አላምንም" አለች። ያቺ አፍንጫዋ የሚፈስ ልጅ! ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሰኞ፣ 11

አለቃዬ ዛሬ በየወንበሩ እየዞረች፣ "ከሥራችሁ ጋር ያላችሁ ቁርኝት እንዴት ነው?" ስትል ዋለች። የሆነ ሥልጠና ላይ የተማረችው ነው። ጋሽ ካውያ፣ "እኔና ሥራው ተጋብተናል፤ አሁን ባመጣሽው ሰዓት ደግሞ እንደገና መፋቀር ጀምረናል" አላት። ወጣቶቹ ሳቁ። ባለ ማዳመጫዋ እንኳ አንዱን ጆሮዋን ከፍታ፣ "ድሮ ሰዓት እያየሁ ነበር የምሰፋው፤ አሁን ጨርቁን እያየሁ ነው" አለች። እኔ ስጠየቅ፣ "ከሥራዬ ጋር ቁርኝት የለኝም፣ ሥራው እኔው ነኝ" አልኩ። ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

ከሰዓት በኋላ በቢሮዋ በር ሳልፍ በስልክ እያወራች ነበር። "እሳቸውማ ወርቅ ናቸው። ግን እስከ መቼ ይቆርጣሉ? ተተኪ ማሰብ አለብኝ።" ይህን ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፤ ጫማዬ ተፈትቶ ነው።

ተተኪ! ይህ መጋረጃ ይሰቀልና እናያለን። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዬን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ይምጣ።

ረቡዕ፣ 13፣ ተቻኩዬ

ብርድ። ዝናብ። ጠዋት ስምንት ቁራጭ ቆረጥኩ። ስፒል ዐሥር ጊዜ ወደቀብኝ። የዘንድሮ ስፒል ቀጫጭን ነው።

ድሮ እያንዳንዱን ቁራጭ ላዩን ወደ ላይ አድርጌ ለሰፊዋ እጅ ለእጅ ነበር የማቀብለው። አሁን ሰፊዋ ጠዋት የለችም። ደርድሬ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጥና ስድስት ሰዓት ላይ እሷ በበሩ ስትገባ እኔ ለምሳ እወጣለሁ። ሰዓቷን ራሷ ከመረጠች ጨርቋንም ራሷ ታንሳ። ሰላምታ አልነፈግኳትም፤ እግዜር ያያል።

ዓርብ፣ 15

ጋሽ ካውያ ሦስት ሰዓት ላይ ገብቶ ካውያውን ሳያሞቅ ወደ እኔ መጣ።

"እጅሽ ይደማል።"

አየሁት። ስፒል አውራ ጣቴ ላይ እስከ አናቱ ገብቶ ቆሟል። መቼ እንደገባ አላውቅም።

"አላመመሽም?"

"ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሐሳብ የያዘው ሰው ያመዋል እንዴ?"

ነቀለልኝና ጣቴን በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ፣ "ቀይ ጨርቅ መሆኑ በጀሽ" ብሎ ወደ ካውያው ሄደ። ይህ ሰውዬ ሁሉን ነገር ቀልድ ያደርገዋል። ለማንኛውም አዲስ ስፒል ይገዛልን ብዬ ጠይቄያለሁ።

ሰኞ፣ 18፣ ማታ

ዛሬም ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ዛሬ የተሰፋውን አጋማሽ ለሙከራ አዳራሹ ወስደን ሰቀልነው። እኔ ጥሩ ሹራቤን ለብሼ ከፊት ቆሜያለሁ። የመድረኩ መብራት በራ። ቀዩ ከፋይ እንደ ንጉሥ ካባ ወርዶ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቁራጮች እንደ ልጥፍ አብረቀረቁ። የተገለበጡ! የአዳራሹ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "ሁለት ዓይነት ቀለም ነው እንዴ ያዘዝነው?" አለ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረች። "የስፌት ስህተት ነው" አልኩ። አፌ ቀደመኝ አልልም፤ ያመንኩትን ነው የተናገርኩት። ከእኔ እጅ የተገለበጠ ጨርቅ ወጥቶ አያውቅም።

ያኔ ባለ ማዳመጫዋ ማዳመጫዋን አውርዳ አንገቷ ላይ አደረገችው። ፊቴን አላየችም፤ እጆቼን ነው ያየችው። "አዎ፣ እኔ ልሆን እችላለሁ። ማታ ስለምሰፋ ይሆናል" አለች።

እንግዲህ አመነች! የተናገርኩት አይደል? ከስድስት ሰዓት ሥራ የሚጀምር ሰው ምን ይጠበቅበታል።

ራት አልበላሁም። አዳራሹ ውስጥ የነፈሰኝ ብርድ ነው።

ማክሰኞ፣ 19

ተፈረደ። አለቃዬ ሁላችንንም ሰብስባ፣ "ጥሩ ነገር ያመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ሥራው ተለያይቶ ተበላሸ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሁሉም እንደ ድሮው ከአንድ ሰዓት" አለች። ድምፅዋ ደክሟል። ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ካውያ፣ "የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ስንት ወሬ ነበረው መሰላችሁ" ብሎ ወደ ካውያው ተመለሰ።

አሸነፍኩ። በቃ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ 21

ደረጃው ላይ ባለ ማዳመጫዋ በስልክ ስታወራ ደረስኩ። እናቷ ናት የምታዋራት። "እማዬ፣ አንቺ እኮ እስከ አምስት ሰዓት ሥራ ላይ ነሽ፤ ጠዋት ልጄን ማን ይይዝልኛል? ... አይ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ... አይ፣ አልተናገርኩም። ምን ብዬ እናገራለሁ? እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው።"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ደንግጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ መለሰች።

"ምን ትሰሚበታለሽ ሁልጊዜ?" አልኳት። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

"ምንም የለበትም፣ እትዬ። ስሰፋ ሰው እንዳያናግረኝ ነው።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ያልሰማሁ እየመሰልኩ የኖርኩበትን ዘዴ በማዳመጫ ስትሠራው!

"ያልተናገርሽው ምንድን ነው?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ልጅ ሲያድግ ጠይቅ ይባላል፤ አርጅቶ መጠየቅ ያቃተውን ምን ይባላል?

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ካውያ ለአንዱ ወጣት፣ እኔ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለው። ስለ ማን እንደሚያወራ አልነገረውም።

ቅዳሜ፣ 23

ትናንት ንጋት ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከፋዩን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ዞር ዞር አደረግኩትና መዳፌን አሳረፍኩ።

ጨርቁ ምንም አልነገረኝም። ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ነው፤ እንጨት የዳበስኩ ያህል። እጄን ነቅንቄ፣ በእስትንፋሴ አሙቄ እንደገና ሞከርኩ። ዝም።

ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ፣ እንደገና ሞከርኩት። ያኔ እያንዳንዷ ፀጉር ተናገረች። ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደ ቀድሞው። እጄ አልሞተም። ጠዋት ጠዋት ብቻ ይተኛል። እኔ ደግሞ ከፋዩን ሁሉ የቆረጥኩት በንጋት ነው።

ማታ ልጄን፣ "ቁልፌን የምትቆልፊልኝ ለምንድን ነው?" አልኳት።

ኮምፒውተሯን ዘጋች። "ስለማትችዪ ነው፣ እማዬ። ከበጋ ጀምሮ አትችዪም። ራስሽ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

"ስለምቸኩል ነው።"

"እሺ፣ ስለምትቸኩዪ ነው።"

አቅፋኝ ቆየች። አለቀስኩ፤ ትንሽ። ጠረጴዛዬን የምወደውን ያህል የወደድኩት ነገር ጥቂት ነው። የማትቆርጥ ደወል ማን ይፈልጋል? ብናገር ጠረጴዛዬ ይሄዳል። ዝም ብል ያቺ ባለ ማዳመጫ ልጅ ትሄዳለች፤ እኔ እንዳልዋረድ ስህተቴን በስሟ የወሰደችልኝ ልጅ።

ሰኞ፣ 25

ይህን ቀን በደንብ ልጽፈው።

አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስቧል። ባለ ማዳመጫዋ ልጇን አዝላ መጥታለች፤ ትንሹ የእንቅልፍ ዓይኑን ያሻል። ሦስቴ መታሁ። መርፌ ሊያነሱ ሲሉ፣ "ቆዩ" አልኩ።

"ያን ከፋይ ያገላበጠችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።"

አለቃዬ ፈገግ ብላ ትከሻዬን ነካችኝ። "እትዬ፣ ልጅ ይዛ ስላዩዋት አዝነው ነው። ደግነትዎን አውቃለሁ።"

አላመነችኝም! ማንም አላመነኝም። የእጄ ስም ከእኔ ቃል በልጦ ተገኘ። ደስ ይበለኝ ልናደድ ግራ ገባኝ፤ በመጨረሻ ተናደድኩ።

"እኔ ለማንም ብዬ በእጄ ላይ አልዋሽም! ጋሽ ካውያ፣ መሐረብ አምጣና ዓይኔን እሰር።"

እንደ ድሮው አሰረኝ። እሱ ብቻ ነው ያን ዘመን የሚያስታውሰው። ከፋይ አምጥቶ ዘረጋ። ዳበስኩ። "ወደ ታች" አልኩ። "ሳትሽ" ብሎ አዙሮ ዘረጋው። "ወደ ላይ።" አሁንም ሳትኩ። ሦስተኛውን ጠየቀኝ። እሱንም ሳትኩ። ሕፃኑ ብቻ ሳቀ።

መሐረቡን ራሴ አወረድኩት። አለቃዬ አፏን በእጇ ይዛለች። አንገቴን አልደፋሁም። እንዲህ ቀጥ ብዬ የቆምኩበትን ቀን አላስታውስም።

"አሁን ሁላችሁም ስድስት ሰዓት ላይ እዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገኙ" አልኩ።

ተገኙ። ጋሽ ካውያ እንደገና አሰረኝ። አንዱን ነገርኩት፣ ሁለተኛውን ነገርኩት፣ ከዚያ ወጣቶቹ እየተሽቀዳደሙ የጨርቅ ዓይነት ሁሉ አመጡብኝ፤ ሱፍ፣ ሐር፣ የኪሳቸውን ገበር ሳይቀር። አንድም አልሳትኩም። በመጨረሻው አጨበጨቡ። የአሁኑ ጭብጨባ ለእኔ ነበር።

አለቃዬ ቢሮዋ ወሰደችኝ። "ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"ተተኪ ስትፈልጊ ሰምቼ።"

ፊቷ ቀላ። "ተተኪ ያልኩት እኮ የሚያስተምሩልኝን ሰው ነው፣ እትዬ። እርስዎን የሚነቅልማ ይሄንን ቤት ይንቀል።" ቀጥላም፣ "አሁን ምን ላድርግ?" አለች፤ ጠረጴዛ ሥር ሆና ቁርጥራጭ ጨርቅ እንድሰጣት ስትለምነኝ በነበረው ድምፅ።

"እኔም እንደ ሰው ሰዓቴን ልምረጥ" አልኩ።

ሐሙስ፣ 28

አዲሱ ደንብ ይኸው፣ ሐሳቡም የእኔ ነው፤ ማንም አይንጠቀኝ። ሁሉም በመረጠው ሰዓት ይግባ። ግን ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ይኖራል። ያኔ እኔ ሦስቴ እመታለሁ፤ ቁራጩም ከቆራጭ ወደ ሰፊ እጅ ለእጅ ያልፋል፣ ጀርባው ላይም የጠመኔ ቀስት ይኖረዋል። አዎ፣ የእኔም ጭምር። የመጀመሪያውን ቀስት ስሥል ጋሽ ካውያ ካውያውን አቁሞ በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፈነ። "ይህን ከማይ!" አለ። በጠመኔው ወረወርኩት።

እኔ የምገባው ከአራት ሰዓት ነው።

ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። የእጄ አንጓ ላይ ተጭኖ የተያዘ ነርቭ አለ፤ ሌሊት እጄን አጥፌ ስተኛ ይብሳል፣ ጠዋትም ደንዝዞ ይነሳል አለ። የሌሊት ማሰሪያ ሰጠኝ። ወጣት ሐኪም ነው፣ ግን ያውቃል።

ቅዳሜ፣ 30

መጋረጃው ተሰቀለ! ሁለቱን ቁራጮች ባለ ማዳመጫዋ ፈትታ፣ እኔ በቀትር አስተካክዬ ሰጥቻት መልሳ ሰፋቻቸው። መብራቱ በራ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀይ። የአዳራሹ ኃላፊ ገመዱን ሲስብ መጋረጃው ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ።

"የማን እጅ ነው ይሄ?" አለ።

አለቃዬ ወደ እኔ አየች። እኔ ባለ ማዳመጫዋን ወደ ፊት ገፋኋት። "የሁለታችን" አልኩ። ማዳመጫዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ስትመለስም መንገዱን ሙሉ አወራችኝ። ወሬኛ ናት ለካ።

"ያን ጊዜ እጄን ለምን አየሽ?" አልኳት።

"ሁልጊዜ ስለማየው ነው፣ እትዬ። መቁረጥ የተማርኩት ከእሱ ነው።"

ሰኞ፣ 2

ዛሬ ዘግይቼ ተነሳሁ። ዝናቡ ቆሟል። ልጄ ሳሎን ሥራ ላይ ናት፤ አዎ፣ ሥራ ላይ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ብርጭቆው አቃጠለኝ፣ ቶሎ አስቀመጥኩት፣ ደስም አለኝ።

ሦስት ተኩል ላይ ሹራቤን ለበስኩ። ልጄ ከኮምፒውተሯ ተነስታ እንደ ልማዷ ልትቆልፍልኝ መጣች።

"ተይው፣ ሥራሽን ሥሪ" አልኳት። "ተቆልፏል።"